ማዞሪያው

አባትየው በደጉ ዘመን ጡሩምባው ነበር የሚባለው። መናኸሪያ ውስጥ ተሳፋሪ ሲጠራ የኖረ ሰው ነው፤ እሱ አንድ ጊዜ ከጮኸ፣ መሄድ ያላሰበ መንገደኛ እንኳ ቦርሳውን አንስቶ ይሮጥ ነበር ይባላል። ቤት ሲገባም ያው ነው። ሚስቱ በሕይወት ሳለች፣ "አንተ ሰውዬ፣ እዚህ የሚሳፈር የለም፣ ቀስ በል!" እያለች ትቆጣው ነበር። መቼም ዕድል መቀለድ ከጀመረች ልክ የላትም፤ በሽታው ከመላ አካላቱ መርጦ ያረፈው ጉሮሮው ላይ ነው። ሐኪሞቹ ቀደው የሚወጣውን አወጡ፣ አንገቱ ላይ የመተንፈሻ ቧንቧ አስገቡለትና ወደ ቤቱ ሰደዱት። ድምፅ የሚባል ነገር አልቀረለትም። ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ የሚሰማውን የመሰለ ትንፋሽ ብቻ ይወጣል፤ ያንንም ለመስማት ጆሮን አፉ ላይ መደገን ያስፈልጋል።

የድምፁ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ በምልክትም ይኖራል። ቧንቧውን ግን አክታ ይዘጋዋል። በተዘጋ ጊዜ ፈጥኖ ደርሶ፣ ቀና አድርጎ፣ የውስጡን ቱቦ አውጥቶ የሚጠርግለት ሰው ከሌለ፣ ጡሩምባው አንዲት ድምፅ ሳያሰማ ያልቃል። ሐኪሙ ይህንን ለልጁ የነገራት በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ነው። "ለብቻው እንዳትተይው" አላት። ሥራዋን ለማን ትታ አጠገቡ እንደምትቀመጥ ግን አልነገራትም፤ እሱ ምን አለበት!

ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የምትሠራው መንገድ ዳር ባለው ክፍል ሲሆን አባቷ የሚተኛው በጓሮ በኩል ነው፤ በመሐል ጠባብ ኮሪደር አለ። መጀመሪያ የስፌት መኪናዋን ጎትታ አልጋው አጠገብ ተከለችው። የጨርቁ ብናኝ ግን ቧንቧው ውስጥ እየገባ ቀኑን ሙሉ ሲያስለው ዋለ፤ ሐኪሙም "ወይ አባትሽን ወይ ስፌትሽን" አላት። መኪናውን ወደ ቦታው መለሰች። ከዚያ ወዲያ ሥራዋ ሩጫ ሆነ። ትንሽ ትሰፋለች፣ ብድግ ብላ ሄዳ ታየዋለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። ኮሌታው ሁሉ ጠመመ። ደንበኞቿም "ምነው እጅሽ?" ይሏት ጀመር።

መላ ያመጣላት ሽቦ ነው። ሽቦ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ ሌላ ስሙን የሚያውቅ ሰው ግን በሰፈሩ የለም። ስፒከርና አምፕሊፋየር ይሸጣል፣ ይጠግናል፣ በየሰዉ ቤት እየዞረ ይተክላል። ራሱም ቀጭንና ረጅም፣ በየትም ቀዳዳ የሚገባ ሰው ነው። ያጠበበችለትን ሱሪ ሊወስድ መጥቶ እየተነሣች ስትሮጥ፣ እየተመለሰች ስትቀመጥ አያት።

"አንቺ፣ ይሄ ሩጫ እስከ መቼ ነው?" አላት። "ጆሮሽን እዚያ አስቀምጠሽ እጅሽን እዚህ ብታሠሪውስ?"

"ቀልድ አማረህ አይደል፣ ሽቦ?"

"ቀልድ አይደለም፣ እህቴ። ነገ ታይዋለሽ።"

በማግስቱ አንድ የብረት ሣጥን ተሸክሞ ከች አለ። አሮጌ አምፕሊፋየር ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ በአንድ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ የጨረሰ፣ ቀለሙ የተላጠ፣ ሲበራ እንደ አሮጌ ፍሪጅ የሚያጉረመርም። ማይኩን አልጋው ራስጌ ላይ ካለው ብረት ጋር አሰረው፣ ገመዱን በኮሪደሩ ጣሪያ ሥር አሳልፎ አምጥቶ አንድ የተቧጨረ ስፒከር ከስፌት መኪናው በላይ ሰቀለ። የሣጥኑ ፊት ላይ ሁለት ማዞሪያዎች አሉ፤ አንዱ የማይክ፣ አንዱ የሙዚቃ።

"መልክ የለውም፣ አውቃለሁ" አላት። "ግን ሁለቱንም ባንዴ ነው የሚያሰማሽ። ሬዲዮሽን ከፍተሽም የአባባን ትንፋሽ ከሥር ትሰሚዋለሽ። የሬዲዮውን እንዳሻሽ አድርጊው፣ የሳቸውን ግን እንዳትነኪብኝ።"

ከዚያ አበራው። መጀመሪያ ጉርምርምታው መጣ፤ ቀጥሎ ትንፋሹ። ልጅቷ መርፌዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች፤ አባቷ ከኋላዋ ቆሞ ማጅራቷ ላይ የተነፈሰ መሰላት። ሽቦ በኮሪደሩ አንገቱን አስግጎ "አባባ፣ እስኪ አንድ ነገር ይበሉ!" ብሎ ጮኸ። በስፒከሩ ውስጥ ያ የደረቀ ቅጠል ድምፅ መጣ።

"ተሳፈሩ… ሞልቷል… ተሳፈሩ…"

ልጅቷ ሳቀች፣ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች። ሽቦም ፊቱን አዙሮ ገመድ የሚጠቀልል መሰለ።

ትንፋሽ ሲያጥረው ማይኩን በጥፍሩ ሁለቴ እንዲመታው ተስማሙ። ጧ፣ ጧ ሲል እሷ መቀሱን ጥላ ትበራለች። አንድ ዓመት አለፈ፣ ከዚያም በላይ። ከጊዜ በኋላ ምልክቱንም መጠበቅ ተወች፤ ትንፋሹን እንደ ፊደል ታነብበው ጀመር። ይሄ የእንቅልፍ ነው፣ ይሄ የትካዜ ነው፣ ይሄ አክታው መሰብሰብ የጀመረበት ነው። ከመምታቱ በፊት ትደርስለታለች። ኮሌታውም ተቃና።

ግን እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ያ ትንፋሽ ይበላት ጀምሮ ነበር። ስትበላ ትሰማዋለች፣ ልብስ ስታሰጣ በመስኮቱ ትሰማዋለች፣ ከደንበኛ ጋር ስትጨዋወት ግማሽ ልቧ እዚያ ነው። አንዳንድ ቀን ትንፋሹን ትጠላዋለች። ወዲያው ደግሞ በመጥላቷ ራሷን ትጠላለች፤ ሄዳም እግሩን ታሽለታለች። ይህንን ለማንም አልተናገረችም፤ ማንስ ጠይቋት!

ታላቅ ወንድሟ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ገንዘብ ይልካል፣ ራሱን ግን አይልክም። ስልክ ሲደውል፣ "በርቺ እቴ፣ እመጣለሁ" ይላል። በመጨረሻ በእርግጥ መጣ። ተሳቢውን በር ላይ አቁሞ ወረደ፣ አባቱን አየ፣ ከክፍሉ ወጥቶ ጎማው ላይ ተደግፎ አለቀሰ። ሰው ሲጸጸት እጁ ኪሱ ውስጥ ይገባል፤ እሱም በነጋታው፣ "ለዚህ ቤት አንድ ደህና ነገር ካላስገባሁ አልሄድም" ብሎ እህቱን አስከትሎ ወደ ሽቦ ሱቅ ሄደ።

ሹፌሩ በቀጥታ ያመራው ትልልቆቹ ስፒከሮች ዘንድ ነው፤ ቁመታቸው እሱን ያክላሉ።

"እነዚህን ጫንልኝ።"

"ወንድሜ፣ እነዚህስ ይቅሩብህ" አለው ሽቦ። "እነዚህ ለአዳራሽ ናቸው። በእናንተ ክፍል ከሆነ ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ግድግዳውን እየደበደበ ይመለስባችኋል፤ ዘፈኑ ይታፈናል። ና እነዚህን ስማ።" ትንንሾቹን ከፈተለት። ሹፌሩ እየተጠራጠረ ሰማ፤ ትንሽ ቆይቶ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። እህቱ ግን ገና በመጀመሪያው ድምፅ ተይዛለች፤ ዘፋኟ ከመዝፈኗ በፊት ስትተነፍስ እንኳ ትሰማ ነበር።

ስፒከሮቹ የሚገጠሙበትን ሣጥን፣ ሪሲቨሩን፣ የመረጠው ሹፌሩ ነው። ጥቁር፣ ፊቱ መስተዋት፣ መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ ማዞሪያ ያለው። ማዞሪያው ሲያዞሩት ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ከሲዲ ወደ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮ ወደ ሌላ ይሄዳል። ሹፌሩ እንደ ሕፃን ደጋግሞ አዞረው።

ሽቦ ሊተክል ሲመጣ ክርክሩ ተነሣ። ስፒከሮቹን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጎ፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ አስተካክሎ፣ ፊታቸውን ወደ አንድ ወንበር መለሰ። ቀዩን ገመድ ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ ጋር አሰረ። ከዚያ አሮጌውን ሣጥን እያየ፣ "ይሄ ባለበት ይቀመጣል። የአባባ ነው" አለ።

"ሁለት ሣጥን ምን ያደርግልናል?" አለ ሹፌሩ። "ይሄን ቆርቆሮ አንሣልኝ፤ ቤቱን ጋራዥ አስመስሎታል። አዲሱ ከኋላው ስንትና ስንት ቀዳዳ አለው፤ ማይኩን አንዱ ላይ ሰካዋ።"

"መሰካቱንስ በትንሽ መለዋወጫ ይሰካል። ግን ስማኝ፤ ይሄ የቤት ሪሲቨር መራጭ ነው። አንዱን ሲሰማ ለሌላው ደንቆሮ ነው። ዘፈን ላይ ካደረግኸው አባባ የሉም።"

"ታዲያ አባባ ላይ አድርገን እንተወዋለን። ዘፈን የምንሰማው አንዳችን አባባ ጋ ስንሆን ነው። ወይስ ምን ትያለሽ፣ እቴ?"

ልጅቷ አሮጌውን ሣጥን አየችው። ጉርምርምታውን፣ የተላጠ ቀለሙን፣ ቅባቱን። ከዚያ አዲሱን አየች። "እንጠነቀቃለን" አለች።

ሽቦም እንደ ባለሙያ ጸንቶ መቆም ሲገባው ዓይኑ አሮጌው ሣጥን ላይ ቀረ። "እንግዲያው እሱን እኔ ልውሰደው፤ ፈላጊ አለው" አለ፣ ትንሽ ፈጠን ብሎ። ወሰደውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ ያን ቀን ግን ሦስቱም ደስ ብሏቸው ነበር።

ሹፌሩ ሲዲ ከተተ። ዘፈኑ ክፍሉን ሞላው። ሲያበቃ ማዞሪያውን ወደ አባቱ መለሰው፤ ጠቅ። ወዲያው ጧ፣ ጧ። ልጅቷ ልትሮጥ ስትል የአባቷ ሹክሹክታ ደረሰባት፤ በአዲሶቹ ስፒከሮች እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል።

"ማነው እሱ የሚጮኸው? ግድግዳው… ስስ ነው… ሁሉንም ሰማሁት። እኔን ድሮ ቢሰማኝ… ሥራ ይቀይር ነበር።"

ሹፌሩ በሳቅ ተንከተከተ። እሷ ግን ያን ዕለት ወንድሟን አስማለችው። "ወንድም ጋሼ፣ ሰምተህ ስትጨርስ ማዞሪያውን ሳትመልስ ከዚህ ክፍል እንዳትወጣ። በእናታችን አፈር!" እሱም ማለ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀኖች ቤቱ ቤት ሆነ። ሹፌሩ አባቱን ይላጫል፣ ቧንቧ መጥረግ ተማረ፣ ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሁለት ሦስት ዘፈን ይሰማል፤ እሷ ያን ጊዜ አባቷ ጋ ትቀመጣለች። ወንበሩ ላይ ግን እሷ ተቀምጣ አታውቅም። የሁለቱ ስፒከሮች ድምፅ የሚገናኘው እዚያ ነው ብሎ ሽቦ ነግሯታል፤ ለእሷ ዘፈኑ የሚደርሳት በግድግዳ ወይም በጎን በኩል ነው።

አንድ ቀን ምሳ ከተበላ በኋላ ቁልፍ ልትገዛ ወጣች። ስትመለስ ወንድሟን በር ላይ አገኘችው፤ ስለ ጎማ የሚያነጋግረው ሰው አለ፣ ሊሄድ ነው።

"ማዞሪያውን መልሰሃል?"

"መልሻለሁ፣ እቴ። አባባ ተኝቷል፤ ቧንቧውንም አሁን ጠርጌለታለሁ።"

ገባች። በእርግጥ መልሶታል፤ የአባቷ ትንፋሽ ከሁለቱ ስፒከሮች መሐል፣ ቀስ ብሎ፣ የእንቅልፍ ትንፋሽ ሆኖ ይመጣል። መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። አንድ ኮሌታ ሰፋች፣ ሌላ አነሣች። ወንበሩ ባዶውን ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። "አንድ ዘፈን ብቻ" አለች ለራሷ። ተነሥታ በኮሪደሩ ሄዳ አባቷን አየችው። እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ተኝቷል። ብርድ ልብሱን አስተካከለችለት። ተመልሳ መጣችና ማዞሪያውን አዞረችው።

ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። ዘፈኑ ከግራም ከቀኝም መጥቶ ግንባሯ ላይ ተገናኘ። ከአንድ ዓመት በላይ ጆሮዋ ውስጥ ሲተነፍስ የኖረው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ አልነበረም። ደስ አላት። እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ዘፈኑ ሲያበቃ መነሣት ነበረባት፤ እጇንም የወንበሩ ክንድ ላይ አድርጋ ነበር። ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው ይበልጥ የሚጣፍጥ ሆነና እጇን መለሰችው። አንድ ሰው በሁለተኛ ዘፈን ይጠፋል ብሎ ማን ይገምታል?

ሁለተኛው ሲያልቅ ተነሥታ ማዞሪያውን መለሰች። ጠቅ። የአባቷ ክፍል ሰዓት ሲቆጥር ተሰማት። ቀጥሎ የሚመጣውን ትንፋሽ ጠበቀች። ሰዓቱ ብቻ ቆጠረ። ሮጠች።

አባቷ በጎኑ ተገልብጧል። አንድ እጁ ማይኩን ይዟል፤ ወደ አፉ ሊያቀርበው ስቦት ኖሮ ማሰሪያው ተጠምዝዟል። ቀና አደረገችው፣ ቱቦውን አወጣች፣ ጠረገች፣ ደረቱን መታች፣ ስሙን ጠራች፣ ጮኸች። ጎረቤት ግቢውን ሞላው። ወንድሟ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ደጃፉ ላይ ቆመ፤ አባቱን አንድ ጊዜ አይቶ ዓይኑን እሷ ላይ ተከለ።

"እቴ" አላት፤ "ማዞሪያው… ስትገቢ የት ላይ ነበር?"

"ዘፈኑ ላይ" አለችው።

ከየት እንደመጣላት እሷም አታውቅም። ማንም አላስገደዳትም። ከአፏ ሲወጣ ራሷ ሰማችው፤ በዚያም አላበቃች፣ አጠናከረችው። "ሲዲው አልቆ ጸጥ ብሎ ነበር። እኔ አባባ የተኛ መስሎኝ።"

"መልሼው ነበር እኮ" አለ ሹፌሩ። ወደ ስፌቱ ክፍል ዞሮ አየ። "የመለስኩት መስሎኝ ነበር።" ከዚያ ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእሷ ደግሞ ወለምታ አልነበረም፣ ስብራት ነበር፤ የተሰበረው ግን ሌላ ሰው ነው።

ቀብሩ ተፈጸመ። ከለቀስተኛው ሁሉ አብልጣ የጮኸችው ልጅቷ ናት፤ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። ወንድሟ አላለቀሰም። እጁን ለያዘው ሰው ሁሉ፣ "እኔ ነኝ፤ ማዞሪያውን ረስቼ ነው" ይላል። ሰዎቹ "አይዞህ" ብለው ያልፋሉ፤ ግቢ ሲደርሱ ደግሞ እርስ በርስ ይተያያሉ። ሽቦም መጣ። ጥግ ይዞ ተቀመጠ፣ ሪሲቨሩን በጎን ዓይኑ አይቶ አንገቱን ደፋ፣ የቀረበለትን ሻይ ሳይነካ ተነሥቶ ሄደ። እሱም የራሱን ሸክም ተሸክሟል። ሦስት ሰው አንድን ሬሳ ለየብቻው ተሸከመ፤ ሸክሙ የማን እንደሆነ የምታውቀው ግን አንዷ ብቻ ናት።

ሰው ሲበተን የእናታቸው እህት አብራቸው ቀረች። ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ተተክሏል። ማዞሪያውን ማይኩ ላይ አድርጎ ማንም እንዳይነካው ከልክሏል፤ ባዶውን ክፍል ያዳምጣል። መጋረጃው ሲወዛወዝ ይሰማል፣ ሰዓቱ ይሰማል፣ አክስቲቱ ስትጠርግ የመጥረጊያው ድምፅ በስፒከሮቹ ውስጥ ሲመጣ ክው ብሎ ይነሣል። ተሳቢው ደጅ እንደቆመ አቧራ ለብሷል። ሚስቱ ትደውላለች፤ ስልኩ ይጮሃል፣ ይጮሃል፣ ያበቃል።

አክስቲቱ ልጅቷን ወደ ማድ ቤት ጠራቻት።

"ልጄ፣ ይሄ ልጅ እየሄደብን ነው። አይበላም፣ አይተኛም። አንድ ሰው ቀብሬያለሁ፣ ሁለተኛ አልችልም። መቼም አንቺን ይሰማሻልና አንድ ነገር በይው።"

"እሺ አክስቴ" አለች።

ሳህን ይዛ ሄደች። ፊቱ ገርጥቷል፤ ጺሙ አድጎ አባቱን መስሏል።

"ወንድም ጋሼ።"

"እ?"

"ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ከሰዓት በኋላ እንደገና ሞከረች። አሁን እሱ ራሱ ነበር ነገሩን ያነሣው። "እቴ፣ አባባ ሲጠራ የማንን ስም የጠራ ይመስልሻል?" ብሎ ጠየቃት። "የእኔን አይደለም መቼም፤ እኔ ስጠራ የምመጣ ልጅ አልነበርኩም።" እሷ አፏን ከፈተች። ጉሮሮዋ ውስጥ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ቃል የለም። የጡሩምባው ልጅ ድምፅ አጣች።

ያን ጊዜ ነው አባቷ ድምፅ ባጣ ጊዜ በምን እንደተናገረ ትዝ ያላት። ተነሣች፣ በኮሪደሩ ሄደች፣ የአባቷ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ፍራሹ ተነሥቶ የአልጋው ብረት ብቻ ቀርቷል። ጠርዙ ላይ ተቀመጠች። ማይኩ እንደተጠመዘዘ ነው። በጥፍሯ ሁለቴ መታችው። ጧ፣ ጧ፤ ከወዲያኛው ክፍል ገዝፎ ሲመለስ ሰማችው። ወንበሩም ሲንቋቋ ሰማች።

"ወንድም ጋሼ፣ እኔ ነኝ" አለች። ድምፅዋ በግድግዳው በኩል፣ ወፍራምና የሌላ ሰው ሆኖ ተሰማት። "እንዳትመጣ፤ እዚያው ሆነህ ስማኝ። ፊትህን እያየሁ መናገር አልቻልኩም። ማዞሪያውን መልሰኸው ነበር። እኔ ስገባ አባባ ይተነፍስ ነበር፤ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ያዞርኩት እኔ ነኝ። አንድ ዘፈን ብዬ ተቀመጥኩ፣ ሁለት ሰማሁ። ለአንተ የነገርኩህ ውሸት ነው። እኔ ነኝ ወንድም ጋሼ፣ አንተ አይደለህም።"

 ማይክ ይሰማል እንጂ አይመልስም። በዚያ አልጋ ላይ የተኛ ሰው ከተናገረ በኋላ የሚቀረው ኮሪደሩን ማዳመጥ ብቻ እንደሆነ ገባት። አዳመጠች። ይጮኻል ብላ ጠበቀች፤ በሩን በርግዶ ገብቶ ይመታኛል ብላ ጠበቀች። ቢመታት ደስ ይላት ነበር። የእግር ኮቴ አልመጣም። ምናልባት እያለቀሰ ይሆናል ብላ ወደ ማይኩ ይበልጥ ተጠጋች።

"ወንድም ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ይቅር—"

ከወዲያኛው ክፍል ዘፈን ጀመረ።

ያው ዘፈን ነው፤ ሲዲው ከዚያች ቀን ወዲህ አልወጣም። ወንድሟ ማዞሪያውን አዙሮታል። "ይቅር በለኝ" የሚለው ቃሏ ከክፍሉ አልወጣም፤ እዚያው ባዶው አልጋ ላይ ቀረ።

ከአልጋው ጠርዝ አልተነሣችም። ግድግዳው ስስ ነው፣ አባቷ እውነቱን ነው፤ የዘፋኟ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። ለካስ ያን ቀን አባቷም ሰምቶታል። አየር አጥቶ ሲነቃ ዘፈኑን ሰምቷል። ዘፈን ተከፈተ ማለት ማንም አይሰማውም ማለት እንደሆነ ደግሞ ያውቃል፤ የሽቦንና የወንድሟን ክርክር ሁሉ በግድግዳው ሰምቷል። አውቆም ነው እጁን ወደ ማይኩ የሰደደው።

ጥፍሯን አንሥታ ማይኩን ሁለቴ መታችው። ከግድግዳው ወዲያ የተመለሰ ድምፅ አልነበረም። ጥቂት ቆይታ እንደገና መታችው። የመጀመሪያው ዘፈን አለቀና ሁለተኛው ጀመረ።